የማሙሽ ባለቤት

የልጅ ልጄ ሶልያና ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ለማንም አታስነካም። ሪሞቱን ጭኗ ሥር ትወሽቀውና ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ስወጣ ከእንግዲህ ቤቱ የእኔ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የቤቱ አለቃ ሌላ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ የምታየው ካርቱን ከሌላ ዓለም ስለመጡ የቤት እንስሳት ነበር። ከሰማይ እንቁላል ይወድቃል፤ እንቁላሉ ሲሰነጠቅ ክብ፣ ለስላሳ፣ ዓይናቸው ፊታቸውን የሞላ ፍጥረቶች ይወጣሉ። አንዲት ልጅ የመጀመሪያውን አንስታ ቤቷ ትወስደዋለች፤ አልጋዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ከዚያ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ይይዛል። ሶልያና ዓይኗን ሳትነቅል «እማዬ፣ አንድ ግዢልኝ» አለችኝ። «እኔ አንቺን ማብላት አቅቶኛል» አልኳት። ከሕፃን ጋርም ቢሆን ምላሴ አያርፍም።

ፍጥረቶቹ በሉ፣ በሉና አደጉ። አንድ ጠዋት አፋቸውን ሲከፍቱ ጥርሳቸው እስከ ጆሯቸው ደረሰ። ሶልያና ጮኸችና እታለም ነጠላ ውስጥ ገባች። እታለም የምንላት ታላቅ እህቴን ጥሩወርቅን ነው፤ ልጆቼም የልጅ ልጄም እንዲሁ ነው የሚጠሯት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ከመነጽሯ በላይ ቴሌቪዥኑን አየት አደረገችና «ምነው፣ ምን አጠፉ? ርቧቸው እኮ ነው» አለች።

ይሄን እንዳለች መብራት ጠፋ። የጎንደር መብራት መቼ መጥፋት እንዳለበት ያውቃል። ሶልያና «መጨረሻው! መጨረሻው!» እያለች እሪ አለች፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው ተነስቼ በረንዳ ወጣሁ። ያንኑ ቃል ከዚያው አፍ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ያኔ ሁለታችንም ልጃገረዶች ነበርን።

ያደግነው ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ነው። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ ከታች የሚመጣ ከባድ መኪና ገና ሳይታይ ድምፁ ይሰማል፤ የሚወርደው ደግሞ ካለፈ በኋላ የፍሬኑ ሽታ ይቀራል። ከቆላ ሎሚና ማሽላ ይወጣል፣ ከደጋ ድንችና ገብስ ይወርዳል። ሾፌሮች ሞተር ለማቀዝቀዝ በራችን ላይ ይቆማሉ፤ እናታችን ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ታቀርብላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉም ከገደሉ ሥር ይነሳና ቤቱንም፣ መንገዱንም፣ በጎቹንም ይውጣቸዋል። አሁን ሳወራው ደስ ይላል፤ ያኔ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር።

አባታችን የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት እሱና ጓደኞቹ ከመንገዱ ሥር ያሉትን የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎች ከደለል ያጸዳሉ። በአንዱ የግንቦት ቀን ካፖርቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣና «ቡችላ አመጣሁላችሁ» አለን። ካፖርቱን ሲገልጠው ጥላሸት የመሰለ፣ ክብ ጆሮ ያለው፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ነገር ብቅ አለ። እህቴ ጥሩዬና እኔ በአንድ አፍ «ውይ!» አልን። እናቴ ግን ከምድጃው ተነስታ ቀረብ ብላ አየችውና ማማሰያዋን ጣለች።

«አንተ ሰው! ይሄን ቡችላ ነው ያለህ ማነው? የጅብ ግልገል ነው!»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «እናቱን ማኪና ገጭቷት መንገድ ዳር ወድቃለች። እሱ ቱቦው ውስጥ ሲያለቅስ አገኘሁት። ምን ላድርግ፣ ደለል ልጫንበት?»

«ትተኸው አትመጣም?»

«እስኪጠና ነው። ጅብም ቢሆን ሕፃን ነው።»

ጥሩዬ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ጣቷን የፍየል ወተት ውስጥ ነክራ አፉ ውስጥ ከታው ነበር። ግልገሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠባ ሳቀች። የእህቴ ሳቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ስለነበር እናታችን ሁልጊዜ «ሳቅሽን ለባልሽ ቤት አስቀምጪ» ትላት ነበር።

እውነትም ባል ይጠብቃት ነበር። እጮኛዋ አስማረ ይባላል፤ ዳባት የሚያስተምር መምህር ነው። በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ባሏን ደህና አድርጋ የምታየው ከሠርጓ በኋላ ነው፤ ጥሩዬ ግን በጥምቀት አይታው፣ አይቷት፣ ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የተላከው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ዘር ቆጠሩ፣ አጥንት ጠየቁ፤ ነቀፋ አልተገኘብንም። ሠርጉ ለከርሞ ዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። እህቴ ያን ሰው ትወደው ነበር። ስሙን ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን ትጥላለች። ስንት ብርጭቆ ሰብራበታለች፤ እናቴ ትቁጠረው።

ግልገሉን ማሙሽ አለችው። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላወቅንም፤ የጅብ ነገር ለማንም አይገባም። ጓዳ ውስጥ በአሮጌ ጆንያ ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ሲነሳ የጥሩዬን ተረከዝ ይልሳል። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከኋላዋ ዱብ ዱብ ይላል። ሲርበው አያላዝንም፤ ሰው ፊት መጥቶ ይቀመጥና ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ያያል። ያን ጊዜ ማን ይጨክንበታል! ሾፌሮቹ ከመኪናቸው አጥንት ይወረውሩለት ነበር። «ሸጋ ቡችላ ነው፣ ከየት አመጣችሁት?» ይሉናል፤ ጥሩዬ ሳቋን ታፍናለች። አስማረም አንድ ቀን መጥቶ ለሰላምታ ጎንበስ ሲል ማሙሽ ቦርሳውን ከእጁ ነጥቆ ሮጠ። መምህሩ በመንገዱ ላይ ቦርሳ ሲያባርር ሰፈሩ ሁሉ ተንከተከተ።

የመስቀል ለት ነው ነገሩ የተበላሸው። ሁላችንም አዲስ ቀሚስ ለብሰናል፤ ጥሩዬ ማሙሽን አየችውና «ይሄ ብቻ ነው በአሮጌው የቀረ» አለች። ጥንድ የብር ጉትቻ ነበራት፤ አንዷን ወንዝ ወስዶባት አንዷ ብቻ ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጣለች። በእሾህ የግልገሉን ጆሮ በሳችና ያችን ጉትቻ አደረገችለት። ልክ እናታችን የእኛን ጆሮ እንደበሳችው። ከዚያ ታቅፋው ወጣችና «ቡዳችን መጣላችሁ!» ብላ ሳቀች።

አንባቢ ሆይ፣ በእኛ አገር ይሄ ቀልድ ምን ማለት እንደነበር ልንገርህ። ቡዳ የተባለ ሰው ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል፤ ሰው አይቶ ያሳምማል፣ ልጅ ይበላል ይባላል። ጅብ ሲሆን ጉትቻውን ማውለቅ ከረሳ ደግሞ ጅቡ ጉትቻ እንዳደረገ ይታያል። ይሄን ወሬ ጡት ከጣለ ጀምሮ ያልሰማ የለም። ስሙ የሚለጠፈውም ሁልጊዜ በሸክላ ሠሪና በብረት ቀጥቃጭ ላይ ነበር። በሠሩት ድስት ወጣችንን እየሠራን፣ በሠሩት ማረሻ እያረስን ስማቸውን እንበላ ነበር። አባታችን በዚህ ሁሉ ይስቅበታል፤ ጥሩዬ የአባቷ ልጅ ናት።

እናቴ ግን ዘላ አፏን በእጇ ያዘቻት። «አፍሽ ቁርጥ ይበል! አውልቂለት አሁኑኑ!»

«ነገ አወልቅለታለሁ።»

በማግስቱ ጆሮው አበጠ። ሲድን ደግሞ ጆሮውን ማስነካት እርም አለ። ጉትቻዋ እዚያው ቀረች።

ከገና በኋላ ማሙሽ ማሙሽ መሆኑ ቀረ። ጥላሸቱ ለቆ ነጠብጣቡ ወጣ፤ አንገቱ ወፈረ። የአባቴን የምሳ ቆርቆሮ በጥርሱ አጣጥፎ ወረቀት አስመሰለው። ቡችላ እያሉ አጥንት የሚወረውሩለት ሾፌሮች ከመኪናቸው አልወርድ አሉ። ጎረቤቱም ልጁን ይዞ በሩቁ ማለፍ ጀመረ። አንድ ቀን አባቴ ጉትቻዋን ላወልቅ ብሎ ጆሮውን ቢነካው እጁን ነከሰው፤ ለጨዋታ አልነበረም፣ አጥንቱ ድረስ ገባ። በሳምንቱ ወተቷን ያጠጣችውን የራሳችንን ፍየል በላት። እናቴ የፍየሏን ቀንድ ይዛ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጥሩዬ ብቻ ናት የተሟገተችለት። «ምን አጠፋ? ርቦት እኮ ነው» አለች።

አባቴ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አየ። «ርቦት መሆኑንማ አውቃለሁ ልጄ» አለ። «ነገ ሲርበው ግን የማን ልጅ ፊቱ እንደሚቆም አላውቅም።»

በየካቲት ጓደኞቹን ጠርቶ በጆንያ አስገብተው የመንገድ ሥራው መኪና ላይ ጫኑት። ወደ ዛሪማ በኩል ወርደው ገደሉ ውስጥ ሊለቁት ነው። ጥሩዬ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ተከተለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የሠርግ ነገር ነውና ጥጥ ፈተልን፣ በርበሬ ቀነጠስን፣ ጌሾ ወቀጥን፤ እንባዋ ከበርበሬው ይሁን ከማሙሽ ማን ይለየዋል?

ሁዳዴ ገባ። በጾም ሰው ከብት አያርድም፤ የሚጣል አጥንት የለም፤ ጅቡም አብሮ ስለሚጾም ወደ ሰፈር ይጠጋል። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ደባርቅ ገበያ ውሎ አህያውን እየነዳ ወደ ማታ ሲመለስ ከመንገዱ መታጠፊያ አንድ ጅብ ወጥቶ ፊቱ ቁጭ አለ። አልሮጠም፣ አልተቆጣም። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ሊጠልቅ የደረሰችው ፀሐይ ጆሮው ላይ ብልጭ አለች፤ ጉትቻ ነው። አያ ደምሴ አህያውን ጥሎ ነው ቤቱ የገባ።

ያ ወሬ እኛ ቤት ሲደርስ አራታችንም ተያየን። «ሄጄ ልንገራቸው» አለ አባቴ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ሠርጓ ደርሷል። ልጄን ልዳርና ከዚያ በኋላ ከፈለግህ ደወል አስደውለህ ተናገር። አሁን ግን የዚህ ቤት ሰው አፉን ይይዛል!»

ያዝን። ምን አለበት አልን። ጅቡ ዞሮ ይሄዳል፣ ወሬውም ይረሳል።

በዚያው ሰሞን የአያ ደምሴ የመጨረሻ ልጅ ታመመ። ትኩሳት ነው፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ጎድኑ እየገባ ይወጣል። እንደዚያ ያሉ ስንት ሕፃናት በኋላ በእጄ አልፈዋል! የሳንባ ምች ነበር። ያኔ ግን ከአባትየው ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉትቻ ያደረገው ጅብ አባቱን አይቶታል። ልጁ ሞተ። አያ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስናርም ስንኮተኩት አብሮን የሚውል፣ በርበሬ ያነሰው ቤት በርበሬ የሚልክ ሰው ነበር። ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ጠመንጃውን አነሳ።

በተከታዩ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተሰብስቦ አገኘነው። አያ ደምሴ መሀል ላይ ቆሟል። መሀረቡን ፈታ፤ ጉትቻዋ ደም እንደነካት እጁ ላይ ናት።

«ትናንት ገደልኩት» አለ። «ያው ቦታ ነው ያገኘሁት። ጠመንጃ ስደግንበት እንኳ አልሸሸም። ፊቴ መጥቶ ቁጭ አለ! ቁጭ ብሎ አየኝ! እንግዲህ የዚህ ጉትቻ ባለቤት ማን ነው?»

የጥሩዬ ክንድ በእጄ ውስጥ ነበር። በወዲያ በኩል እናቴ ይዛታለች፤ ጥፍሯ ነጠላዋ ላይ ተተክሏል።

የሁሉም ዓይን ወደ ቅጥሩ በር ዞረ። እማማ ወርቄ እዚያ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ የሞተባት፤ ከመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር። ለመሳለም ትመጣለች እንጂ ከሰው መሀል ገብታ አትቆምም። ሁለት ጎረምሶች ሄደው ክንዷን ይዘው አመጧት። አንዱ ሻሿን ገፈፈው። «ጆሮዋን እዩት!» አለ። የጆሮዋ ቀዳዳ ባዶ ነበር።

«ጉትቻዬን ከተውኩት ቆየሁ እኮ፣ ልጆቼ» አለች። «ማርያምን! ለዘር እህል ለውጬዋለሁ።»

«ዋሸች!»

«ሕፃኑን የበላች እሷ ናት!»

ድንጋይ ሲነሳ አየሁ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሴ አስቀድሰን ወጥተን! እማማ ወርቄ ግን አልጮኸችም፤ ሻሿ የት እንደወደቀ መሬት መሬት ታያለች። አባቴ «ኧረ ተዉ፣ በእግዚአብሔር!» ብሎ ወደፊት መራመድ ሲጀምር ጥሩዬ ከእጃችን ሾልካ ቀደመችው።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለች።

እሷ ነገሩን ከጀመርኩ ላስረዳ ብላ ነው መሰለኝ ሁሉንም አንድ በአንድ አወራችው። ቱቦውን፣ ወተቱን፣ መስቀልን፣ የተበሳውን ጆሮ። «አያ ደምሴ፣ ሰው ሊበላ አልመጣም። እሱ ሲርበው እንደዚያ ነው፤ ሰው ፊት ይቀመጣል። ማሙሽ ነው ስሙ» አለች። ከዚያ «የት ጣላችሁት?» ብላ ጠየቀች፤ ጠይቃም አለቀሰች። እየተንሰቀሰቀች፣ ፊቷን ሳትሸፍን።

እስከዚያ ድረስ ሰዎቹ ሊያምኗት ይችሉ ነበር እላለሁ። ልቅሶዋ ነው ነገሩን የጨረሰው። የአንድ ቤት ሕፃን አፈር ሳይደርቅ ለጅብ የሚያለቅስ ማነው? አንዲት አሮጊት እጇን አፏ ላይ ጭና «አለቀሰችለት!» አለች። ከኋላ አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ «ታዲያስ፣ ባለቤቱ ናታ!» ብሎ ሳቀ። በእኛ ቋንቋ የዕቃም ጌታ ባለቤት ነው፣ ባልም ሚስትም ባለቤት ነው። እህቴ ጉትቻው የእኔ ነው አለች፤ እነሱ የጅቡ ሚስት ነኝ አለች አደረጉት። ሳቁ ተዛመተ። ከድንጋዩ ይልቅ ያ ሳቅ ያንገበግበኛል።

አያ ደምሴ ብቻ አልሳቀም። ጉትቻዋን እግሯ ሥር አስቀመጠና «ልጄን መልሺልኝ» አላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። አባቴ መሀል ገብቶ በካፖርቱ ሸፈናትና ይዟት ወጣ። በዚያ ግርግር እማማ ወርቄን ማንም አላያትም፤ አጥሩን ይዛ ስትሄድ እኔ ብቻ አየኋት። ሻሿን ሳታነሳ ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ወሬ የለውም። ምንጩ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሳሉ። ሾፌሮቹ ሞተራቸውን ሌላ ቦታ ማቀዝቀዝ ጀመሩ፤ የተቀቀለው ድንች ለእኛው ራት ሆነ። ከዳባት ሽማግሌዎቹ ሳይሆኑ መልእክት ብቻ መጣ፤ ወገናችን ይቅርብን ብሏል የሚል። «የጅብ ባለቤት» የሚለው ስም ከእኛ ቀድሞ ዳባት ገብቶ ነበር።

አስማረ ራሱ መጣ፤ ይሄን አልነፍገውም። ከቤታችን ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ከስቷል፤ ጫማው ጭቃ ነው። እኔ ድንች እየላጥኩ እሰማለሁ።

«እኔ እኮ አላምንበትም» አላት። «አውሬውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቦርሳዬን ይዞ ሮጧል። ለእናቴ ግን ምን ብዬ ልንገራት? ከመጣች እኔ መርዝ እጠጣለሁ ትለኛለች።»

«ከዚህ ሩቅ እንሂድ ብልህስ?» አለች ጥሩዬ።

«እናቴን ጥዬ?» አለ።

«እንግዲያው ሂድ፣ አስማረ። ጉሙ ሳይመጣ ሂድ።»

ተነሳ፤ ሄደ። እህቴ ገብታ ከእኔ ጋር ድንች መላጥ ያዘች። አንዱንም አልጣለችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ለዳግማይ ትንሣኤ የተጠመቀውን ጠላ አባቴ ገደል ደፋው። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን ጎንደር ገባን። ጎንደር ከተማ ነው፤ ማንም አጥንት ጠይቆ ቤት አያከራይም። እኔ ትምህርቴን ቀጥዬ ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ጥሩዬ ልብስ ስፌት ተማረች፤ የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ልጆቼን ያሳደገች እሷ ናት። ፈላጊ አላጣችም። አንዱ ሚስቱ የሞተችበት ነጋዴ ነበር፣ ሌላው የጥበቃ ሠራተኛ፤ ደህና ሰዎች። አገርሽ የት ነው ሲሏት ግን መንደሩን ከነመታጠፊያው ትነግራቸዋለች። እናቴ «ደባርቅ ከተማ ነው በይ፣ ምን አለበት?» እያለች ትለምናት ነበር። «ደባርቅ አልተወለድኩም» ትላታለች። ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ አይመለሱም። ልጄ፣ የሶልያና እናት፣ ስትዳር ሙሽራው የዚያ አገር ሰዎች ልጅ ሆኖ ተገኘ። በሠርጉ ዋዜማ እህቴ ጉልበቴን አሞኛል ብላ አልጋ ያዘች። እውነት ነው፣ ጉልበቷ ያማታል። እኔ ግን ለምን እንደቀረች አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፤ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እንግዲህ በረንዳው ላይ ቆሜ ይሄን ሁሉ ሳመላልስ፣ በተከፈተው መስኮት የሁለቱ ወሬ ይሰማኝ ነበር። መብራቱ አልመጣም። ሶልያና ለቅሶዋን ጨርሳ ወደ ጥያቄ ገብታለች።

«እታለም፣ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«አገራቸው ገቡ» አለች እህቴ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ማንም አልገደላቸውም?»

«ማን ይገድላቸዋል? አብልተው፣ አጥግበው ሸኟቸው።»

«ልጅቷስ? መጀመሪያ ያመጣችው?»

ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ቆመ።

«አገባች» አለች እህቴ።

ሶልያና በሳቅ ፈነዳች። «እታለም ደግሞ! ትንሽ ልጅ እኮ ናት!»

«ስታድግ ነዋ። አደገችና የምትወደውን አገባች። ወለደች፣ ከበደች። ማንም ምንም አላላትም።»

አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። እህቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንዴት አድርጋ አሳመረችው! እማማ ወርቄ በዚያ እሑድ በእግሯ ሄዳ ቤቷ የገባችው ጥሩዬ ስለተናገረች ነው፤ ይሄን አውቃለሁ። ዝም ብትል ኖሮ ድንጋዩ የት ያርፍ እንደነበርም አውቃለሁ። እህቴ ትክክል ነበረች፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይሄንኑ ነው የምመሰክረው። ግን ክንዷ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ጠበቅ አድርጌ ይዤያት በነበር እላለሁ። እንዲህ ስል በአንዲት ምስኪን ሴት ላይ እየፈረድኩ እንደሆነ ይገባኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አሁንም እላለሁ።